ለሽኮኮዎቹ ፍርድ ዋስ ማን ነው?

በደሉ ይህ ነው፤ ተጽፎ ይቀመጥልኝ። በምንኖርበት ግቢ ያሉት ግራጫ ሽኮኮዎች በወጥመድ ተይዘው እንዲገደሉ ተወሰነባቸው። ጥፋታቸው ትንሿን ቡናማ ሽኮኮ ከጥዶቿ ማባረራቸው ነው። እነሱ ሲጠፉ እሷ ትመለሳለች ተባለ። እኔም አንድ ነገር ጠየቅሁ። ባትመለስስ? እነዚህ ሁሉ በከንቱ ሞተው ቢቀሩ የሚጠየቀው ማን ነው? የሕንፃውን ማኔጀር ጠየቅኋት። ስብሰባ ላይ ጠየቅሁ። በልጄ አፍ ጠየቅሁ፣ በጎረቤቴ አፍ ጠየቅሁ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ሁሉም ሌላ ሌላውን አወሩልኝ።

መግደል ብቻውን በደል ነው አላልኩም። የወለደኝ ገበሬ ነው፤ ሰብል የሚያጠፋ አውሬ ሲገደል እያየሁ ነው ያደግሁት። በደል የምለው፣ ሁሉም ፍርዱን ሰጥቶ ሁሉም እጁን መታጠቡን ነው።

አገር ቤት ሽኮኮ የምንለው ቋጥኝ ውስጥ የሚኖረውን፣ ጭራ የሌለውን ነው። እዚህ ግን ይህን ጭራው ከገላው የሚበልጠውን ዛፍ ወጪ ሁላችንም ሽኮኮ ማለት ለምደናል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ሕንፃችን ዋይት ሴንተር ከሚባለው ሰፈር ብዙ አይርቅም። ከበስተጀርባው ገደል አለ፤ ገደሉ እስከ ታች ድረስ ጥድ ነው። ከባለቤቴ ጋር የደረሰን ቤት መስኮቱ ከጥዶቹ ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባን ቀን «ዛፍ ላይ ነው እንዴ የሰጡን?» ብሎ ሳቀ። እሱ ብዙ ዘመን መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ከምድር በታች፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን መስኮቱ ሥር አደረገና ከዚያ አልነሣም አለ። ፀሐይ ናፍቆኝ ነው ይለኛል። ደመና በማይለየው በዚህ ከተማ ፀሐይ ናፍቆ መስኮት ሥር መቀመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እሱ ግን ነበረው።

ከፀሐይዋ በፊት የመጣችለት ትንሿ ቡናማ ናት። ከጭብጥ አትበልጥም። ጀርባዋ የተቆላ ገብስ ይመስላል፣ ሆዷ ወደ ብርቱካን ያደላ ነው። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ትቆምና ጭራዋን እያራገፈች ትጮኽበታለች። ጩኸቷ ከቁመቷ ጋር አይገናኝም፤ ቁልፍ የጠፋበት ሰው በር ሲነቀንቅ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ አታቋርጥም።

«ዛሬ ደግሞ ምን አደረግኩሽ?» ይላታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሰማሽ? እናቴን አነሣችብኝ» ይላል።

«መልስላት እንጂ!»

«ምን ብዬ? እሷ ባለርስት ናት፤ እኔ ትናንት የመጣሁ ጭሰኛ ነኝ።»

ትልቁ ጥድ ሥር የጥድ ፍሬ እየፈለፈለች የጣለችው ቅርፊት ተከምሮ እንደ ትንሽ የውድማ ገለባ ሆኖ ነበር። ከክምሩ ውስጥ ያልተፈለፈለውን ትቀብራለች። «ጎተራዋን ሞላች፤ ብርዱ ሊገባ ነው» ይለኛል፣ እኔም ብርድ ልብሱን አወጣለሁ። ከቴሌቪዥኑ ትንበያ ይልቅ እሷን ነበር የሚያምነው። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ኖሮን ልጃችን ልትወስደው ስትመጣ፣ «ቆይ፣ ገና አልሰደበችኝም» ብሎ ጫማውን እንዳደረገ ተቀምጦ ጠበቃት። ልጃችን ሳቀች። እኔም ስቄ ነበር። አሁን ያንን ቀን ሳስታውስ ጫማው ይታየኛል፤ ክሩን እኔ ነበርኩ ያሰርኩለት።

እሱ ሲያርፍ ቤታችን በለቅሶ ደራሽ ተሞላ፤ ከታኮማ የመጣ አለ፣ ከሌላ ስቴት የመጣ አለ። ከአርባው በኋላ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተመለሰ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት መጥታ ባዶውን ወንበር ትሰድብ ነበር። እኔም ወንበሩን ከዚያ ማንሣት አልቻልኩም።

ግራጫዎቹ እንዴት እንደመጡ ደግሞ ልናገር።

አገር ቤት ሐምሌ የዝናብ ወር ነው፤ እዚህ ሐምሌ የብቅል ማስጫ ነው። ዝናቡ ጥርግ ብሎ ይሄድና ሰማዩ ይከፈታል፣ በደመና ተሸፍኖ የከረመው ተራራ ይወጣል። የግቢያችን ሴቶች ያኔ ወደ ሲሚንቶው ሜዳ አንሶላ ይዘን እንወርድ ነበር። አንዷ ለዘመን መለወጫ ጠላ ብቅሏን፣ አንዷ ሱፏን፣ አንዷ በርበሬዋን ታሰጣለች። ታጣፊ ወንበር ይዘን፣ ዱላ ጭናችን ላይ አስቀምጠን ወፍ እንጠብቃለን። ወሬው ምን የመሰለ! ያንን ስጽፍ እንኳ የፀሐዩ ሙቀት ጉልበቴ ላይ ይሰማኛል። ማን ልጅ ዳረች፣ ማን ከአማቷ ተጣላች፣ የማን ብቅል በቀለ፣ የማን ሻገተ። በዚህ አገር ከኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ወቅት የተደሰትኩበት የለም።

አንድ ቀን ግራጫ ሽኮኮ መጣ። ከትንሿ ቡናማ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ቂጡን ተቀምጦ፣ ብቅሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ተጋበዘ ሰው በላ። በርበሬውን ቀመሰና ሲያስነጥስ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እኔም አንድ እፍኝ ብቅል ወደ ዳር በተንኩለት። «ድርሻህ ነው፣ ይህን ይዘህ ሂድ» አልኩት። አባቴ ከማሳው ዳር አንዷን ረድፍ ለወፍ ይተው ስለነበር ነው እንዲያ ማድረጌ። ያ ግራጫ ግን ድርሻውን በልቶ አልሄደም፤ በሚቀጥለው ቀን ዘመዶቹን ይዞ መጣ።

እኔ ያደግሁት ይፋት ቆላ፣ የማሽላ አገር ነው። ማሽላው ሲያሽት ሴት ወንድ ሳይባል ልጅ ሁሉ ማማ ላይ ይወጣል። ማማ ማለት አራት እንጨት ተተክሎ በላዩ ርብራብ የተደረገበት የጥበቃ ቦታ ነው። ከዚያ ሆነን ወፉን በወንጭፍ፣ ዝንጀሮውን በጩኸት እናባርራለን። ድንጋይ ዛላውን ስለሚሰብረው፣ ጭቃ አድቦልቡለን አድርቀን እሱን ነበር የምንወነጭፈው። ከማማ ማማ እየተጠራራን ስንሰዳደብ እንውላለን።

«ዝንጀሮሽን ሰብስቢ፣ ወደኔ መጣ!»

«የኔ አይደለም! የኔ ጨዋ ነው፣ ያንቺን ጭርንጭር ማሽላ ነክቶት አያውቅም!»

አንድ ዓመት ዝንጀሮ የአንዱን ጎረቤታችንን ማሳ አራቆተው። ሰውየው በንዴት፣ ዝንጀሮዎቹ የሚጠጡበትን ምንጭ እመርዛለሁ አለ። አባቴ ሹመት ያለው ዳኛ አልነበረም፤ ሰው ራሱ መርጦ የሚያስቀምጠው ሽማግሌ ነው። ነገሩ እሱ ዘንድ መጣ። ሰውየው ተነሥቶ ተሟገተ። ምንጩ ገደል ሥር ነው፣ ከብት የሚጠጣው ከወንዝ ነው፣ ሁለቱ ውኃ አይገናኝም አለ። በደንብ ተናገረ። ሕዝቡም «እውነቱን ነው» አለ። አባቴ እስኪጨርስ አዳመጠውና፣

«ጥሩ ብለሃል። ብትሳሳት ግን? ዋስ ጥራ» አለው።

ሰውየው ዞሮ ወንድሙን አየ። ወንድሙ መሬት መሬቱን ያያል። አማቹን አየ። አማቹ ጋቢውን ያስተካክላል። ቅድም «እውነቱን ነው» ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ጠፋው። ምንጩ ሳይመረዝ ቀረ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የዚያን ቀን የተማርኩት ግን አልጠፋብኝም። እንግዲህ ጥያቄዬን ከየት እንዳመጣሁት ይህ ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ግራጫዎቹ በዙ። ቆሻሻ መጣያውንም ለመዱት፣ የሕፃናቱን ምሳም ለመዱት። በአንድ መኸር ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ ሁለት ግራጫዎች የትንሿን ጎተራ ሲቆፍሩ አየሁ። እሷ ከላይ ሆና ትጮኻለች። እየተወረወረች ወረደችና አንዱን ነከሰችው። አንዱ ሲያባርራት ሌላው ይቆፍራል፤ እሷ ወደዚያኛው ስትዞር ይህኛው ይቀጥላል። መስኮቱን ከፍቼ በአማርኛ ሰደብኳቸው። ዞረው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ድምፅዋን ሰማሁ፤ ከሩቅ፣ ከገደሉ ማዶ። ከዚያ ጭራሹን ጠፋች። ጠዋት እነሣለሁ፣ ሻዬን ይዤ ወንበሩ አጠገብ እቆማለሁ። ዝም።

በዚህ ላይ ነው ማስታወቂያው ሊፍቱ በር ላይ የተለጠፈው። ልጄ ከታኮማ፣ ከሆስፒታል ሥራዋ ስትመለስ አነበበችልኝ። ነርስ ናት፤ ሁልጊዜ ደክሟት ነው የምትመጣው።

«እማዬ፣ ስለ ስኩዊረሎቹ ነው። ግራጫዎቹ ሪሙቭ ይደረጋሉ ይላል።»

«ወዴት?»

«አይልም። ሪሙቭ ይደረጋሉ ነው የሚለው።»

«ተወስደው የት እንደሚደርሱ የማይነገር ምን ዓይነት መወሰድ ነው?»

«እማዬ፣ በእግዚአብሔር! ሐሙስ ሚቲንግ አለ፣ ያኔ ትጠይቂያቸዋለሽ። ኦኬ?»

ሐሙስ ወረድን። ማኔጀሯ ወጣት ናት፤ ደግ ሰው ናት፣ ልጆቹን ሁሉ በስማቸው ታውቃለች። ግራጫዎቹ የዚህ አገር አይደሉም አለች። ድሮ ከአገሩ ሌላኛው ጫፍ አምጥተው ፓርኮች ውስጥ የለቀቋቸው ናቸው፣ ትንሿ ቡናማ ግን የዚሁ ጫካ ተወላጅ ናት። የወፍ እንቁላልም ይበላሉ። ስለዚህ ባለሙያ ቀጥረናል፤ በወጥመድ ይይዛቸዋል። ተይዘውስ? ስላት፣ የተያዘን ሽኮኮ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ ሕግ ይከለክላል፣ ይገደላሉ አለች። በመጨረሻ እውነቱ ወጣ። ለዚህ እንኳ አመሰገንኳት።

ጎረቤቴ ከኋላ አጨበጨበ። ይህ ሰው ትውልዱ ኤርትራ ነው፣ ያደገው መርካቶ ነው፣ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ሽኮኮዎቹ የመኪናው ኮፈን ውስጥ ገብተው ሽቦውን በልተውበት፣ ተሳፋሪ ይዞ ወደ ሬድመንድ ሲሄድ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽኮኮ ሲያይ ጥርሱን ያፋጫል።

እኔም ተነሣሁና ጥያቄዬን ጠየቅሁ። ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ማኔጀሯ አሰብ አድርጋ መለሰች።

«ምን አለች?»

ልጄ አፈረች። «ሕንፃው ኢንሹራንስ አለው አለች።»

«ኢንሹራንሱ የሞተ ሽኮኮ ያስነሣል?»

«እማዬ፣ ሰው ይሰማናል።»

«ይስማና! ለዚህ አይደል የተሰበሰብነው?»

ጎረቤቴ ከኋላ ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ ዋስ ነው የፈለጉት? እኔ አለሁ! እኔ ዋስ! ነገ ጠዋት ይገደሉ!»

«አንተማ ተበዳይ ነህ። ተበዳይ ዋስ ሆኖ ታውቃለህ?»

«እሺ እርስዎ ይሁኑ!»

ይህን ሲል ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባቴ የዘመዱ ጉዳይ ሲመጣ «እኔ አለሁበት» ብሎ ከወንበሩ ይነሣ ነበር። እኔም አለሁበት። ትንሿ እንድትመለስ ከእኔ በላይ የሚፈልግ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ግራጫዎቹ በሙሉ አልቀው አንድ ቀን ጠዋት ብቻ መጥታ ያንን ወንበር ብትሰድብልኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ። እንዲህ የሚመኝ ሰው መፍረድ አይችልም።

ማኔጀሯ ደግሞ ሌላ ነገር አነሣች። ሽኮኮዎቹ የበዙት ሜዳው ላይ በሚሰጣው እህል ነው አለች። ሴቶቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን እውነት ነው አልኩ። «ዝንጀሮ አይከሰስም፣ የተኛ ጠባቂ ነው የሚከሰሰው» ይባል ነበር በእኛ አገር። በዚያው ብቅሉም ሱፉም ወደ ቤት ገባ። በልጄ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ሞከርነው፤ አልሆነም፣ እሷም ተቆጣች። የሐምሌው ጉባኤ በዚህ ፈረሰ። እስከዛሬ ድረስ ሴቶቹን ሊፍት ውስጥ ሳገኛቸው ስለዚያ ፀሐይ እናወራለን።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ «እማዬ ታውቂያለሽ? እኛም ከሌላ ቦታ የመጣን ነን። ለዛ ነው አይደል እንዲህ የሆንሽው?» አለችኝ።

«እኔን ከሽኮኮ ጋር አታዛምጂኝ» አልኳት። «እኔ የማንንም ጎተራ አልቆፈርኩም። አባትሽም ባለርስቷን አክብሮ ነው የኖረ። ደግሞስ እነሱ መጤ ስለሆኑ ነው የሚሞቱት ካልሽ፣ ባለርስቷ ስለተበደለች አይደለም ማለትሽ ነው። ክሱን አታበላሺው።»

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለችና ሳመችኝ።

ማኔጀሯ ግን ጥያቄዬን ባትመልስም አንድ ነገር ፈቀደችልኝ። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ በጥበቃ ማባረር ከቻላችሁ ሞክሩ አለች። እኔም ከአሮጌ ቀበቶ ወንጭፍ ሠራሁ። እጄ አልረሳውም ነበር! ጭቃ አድቦልቡዬ በረንዳዬ ላይ አደረቅሁ፣ ሁለት ሴቶች ተቀላቀሉኝ፣ በተራ ጠበቅን። የመጀመሪያውን ስወነጭፍ ጧ! ሲል አንድ ፈረንጅ ጎረቤታችን ውሻውን ታቅፎ ወደ ቤት ሮጠ። ታክሲ ነጂው ከመስኮቱ፣ «እማማ፣ መኪናዬን እንዳይመቱ! ከሽኮኮው እርስዎ ባሱብኝ!» እያለ ይጮኻል።

እነዚያ ቀናት ልጅነቴን መለሱልኝ፤ ትከሻዬ ቢያብጥም። ሽኮኮዎቹን ግን አላባረሩልኝም። ዝንጀሮ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳል፤ ጠባቂውም ያርፋል። ግራጫዎቹ ገደላቸው ይኸው ግቢ ነው። ጭቃው ሲመጣ ወደሚቀጥለው ጣሪያ ይዘሉና፣ እጄ ሲወርድ ተመልሰው ጎተራውን ይቆፍራሉ። ልባችን እያወቀው ገፋንበት። አንደኛዋ ሴት ጉልበቷን አመማት፣ ሁለተኛዋ ሥራ ተጠራች። ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ጠዋት ዝናብ ጀመረ፤ ወንጭፉ ረጠበና ከእጄ ሾለከ። አነሣሁትና ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ወጥመድ አጥማጁ በዚያው ሳምንት መጣ። ረጅም ሰው ነው፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ጫማው ጭቃ ነው። የሽቦ ሳጥኖቹን ከትልቁ ጥድ ሥር፣ ልክ ከቅርፊቱ ክምር አጠገብ ደረደረ። እኔም ታጣፊ ወንበሬን ይዤ ወረድኩና ከሳጥኖቹ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ራሱን ነቅንቆ ሰላም አለኝ፣ እኔም አልኩት። ሳጥኖቹን አልነካሁበትም፤ የተፈቀደለትን ነው የሚሠራው። በማግስቱም ወረድኩ።

በማግስቱ አንዱ ሳጥን ውስጥ ግራጫ ገብቶ ነበር። ካፊያ እየጣለ ጸጉሩ ተጣብቆ፣ ያን ያህል ትልቅ የመሰለኝ ነገር ትንሽ ሆነብኝ። ሽቦውን ይቧጥጣል። ሰውየው መጥቶ ሳጥኑን በጨርቅ ሊሸፍነው ሲል ተነሣሁ።

ታክሲ ነጂው መኪናውን እያሞቀ ነበር። ጠራሁት።

«እማማ፣ ፒክ አፕ አለኝ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው!»

«ኤርፖርቱ አይሄድብህም። ና አስተርጉምልኝ።»

እያጉረመረመ መጣ። ሳጥኑን ሲያይ፣ «ይኸው ሽቦ በላተኛው! በሽቦ ተያዘ!» አለና ሳቀ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ሳቁን ተወው።

«በለው» አልኩት። «ትንሿ ባትመለስ፣ እነዚህ በከንቱ ቢሞቱ፣ የሚጠየቀው ማን ነው በለው።»

ተናገረ። ሰውየው ትከሻውን ከፍ አድርጎ መለሰ።

«ሥራውን የሰጠኝ ሕንፃው ነው ይላል።»

«ሕንፃው ድንጋይ ነው። ድንጋይ አይጠየቅም።»

እንደገና አወሩ። «በሌላ ቦታ ተሠርቶ ትናንሾቹ የተመለሱበት አለ ይላል፤ ያልተመለሱበትም አለ። ጫካው ይወስነዋል ይላል።»

«ስለ ሌላ ቦታ አልጠየቅኩትም። ጫካውንም አልጠየቅኩም። እሱን ነው የጠየቅኩት።»

ከዚያ ስለ አባቴ ነገርኩት። ስለ ምንጩ፣ ስለ ሰውየው፣ ስለ ወንድሙና ስለ አማቹ፤ ሁሉም «እውነቱን ነው» ብሎ ሲያበቃ ዋስ ሲጠራ መሬት መሬቱን እንዳየ። ስለ ባለቤቴም ነገርኩት፣ እናቱን ስለምታነሣበት ስለ ትንሿ ቡናማ። «እኔ እንድትመለስ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ተዉ የማለትም ግደሉ የማለትም መብት የለኝም። መብቴ አንድ ነው፣ እሱም መጠየቅ ነው» አልኩት። ጎረቤቴ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳያሾፍ፣ እያንዳንዱን ቃል ቀስ እያለ ተረጎመው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ አላነሣውም።

ሰውየው ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ የጥዱ ሥር ላይ ተቀመጠ። ሽኮኮውን አየው፣ የቅርፊቱን ክምር አየው፣ ኮፍያውን አወለቀ። ልሄድ ነው ብዬ ወንበሬን ሳጥፍ ተናገረ፤ ሲናገር የሚያየው ጎረቤቴን ሳይሆን እኔን ነበር።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ እንዲህ ነው የሚለው። ትመለስ አትመለስ አላውቅም፤ ትመለሳለች ብዬ ነው የምሠራው። ካልተመለሰች ግን እነዚህን በከንቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሕንፃው አይደለም፣ እኔ ነኝ። መጥተው እኔን ይጠይቁኝ ይላል።»